የኔ ያልኳቸው ሳላዎች

ድሮ ጂንካ መሐል አውሮፕላን የሚያርፍበት የሣር ሜዳ ነበረ። አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ፊሽካ እየነፋ ላሙንም አህያውንም ያባርራል፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ከብቱ ተመልሶ ይግጣል። ከተማው በየአቅጣጫው ቤት ሲሠራ፣ አጥር ሲያጥር፣ ያ ሜዳ ብቻ ሳይነካ ኖረ። ልጅ ሆኜ አባቴን "ለምንድን ነው እዚህ ላይ ቤት የማይሠሩት?" ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ ቢሮ የሚሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። "ሰው ስለሚፈራ ነዋ" አለኝ። ሣር መውደድ የጀመርኩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። መጠርጠርም የተማርኩት ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ የአባቴ መሥሪያ ቤት ተዘጋና እሱም ቤት ዋለ። ትናንት ከወንበር ተነሥተው "ጋሼ" ይሉት የነበሩ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ማን በማን ላይ እንዳሳበቀ ስለማይታወቅ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ቀንሶ ማውራት ልማድ ሆነ። አባቴ ሰብስቦን "ማንም ምንም ቢጠይቃችሁ አናውቅም በሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለን። እህቶቼና ወንድሜ ምክሩን በወሩ ረሱት። እኔ ግን እንደ ቁም ነገር ያዝኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ከልክ በላይ ካመሰገነኝ ቦርሳዬን እነካለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ ሐኪም የምሆን መስሏት ለሠፈሩ ሁሉ አውርታ ነበር። የምማረው ስለ ዱር እንስሳት መሆኑን ስታውቅ "ከተማ ያለው አውሬ አንሶሽ ነው?" አለችኝ።  ጓደኞቼ አንበሳና ዝሆን ሲሉ እኔ ደግሞ አንበሳውም ሌላውም የሚኖርበት ሣር ላይ ቀረሁ። ጫካ ሲቆረጥ ሰው ያዝናል፣ ዘፈን ይወጣለታል፤ የሣር ሜዳ ሲታረስ ግን "ለማ" ይባላል። ይህ ነገር ያኔ ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል። ሠፈር ውስጥ "የሣር ዶክተር" የሚል ስም ወጣልኝና እሱንም ይዤ ተመረቅሁ።

ተመልሼ በጂንካ ቢሮ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆንኩ። የመጀመሪያ ፊልዴ ከቱርሚ ወደ አርቦሬ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ነፋስ ሲመታው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛና ይነሣል። መሐሉ ላይ ሳላዎች ቆመዋል። ሳላ ወይፈን የሚያህል፣ ግራጫ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭረት ያለው፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የወጣ እንስሳ ነው። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። አንዳቸውም አላመኑኝም። ወዲያው ወደድኳቸው።

ሜዳው ግን እየሞተ ነበር። ቁጥቋጦ ከዳር እየገፋ ይመጣል፤ በበጋ ከብቱ ሣሩን እስከ ሥሩ ስለሚግጠው ዘር ሳይጥል ይቀራል፤ ዘር ያልጣለ ሣር ደግሞ ቦታውን ለእሾህ ይለቃል። ሳላዎቹ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም፤ በአንዱ ወገን መንገድ፣ በሌላው እርሻ፣ በሌላው መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። በአካባቢው ከብት የሚያረቡት ሐመሮች በበጋ ከብታቸውን ከሜዳው አንድ ወገን ያርቁልኝ፣ ሣሩ ዘሩን ይጣል፣ ሳላዎቹም ይትረፉ። ይህን ሐሳብ፣ ችካልና ሜትር ጨምሬ፣ መኪና ላይ ጭኜ ሄድኩ።

በዚያ አገር ችካል ምን ማለት እንደሆነ ያልገባኝ እንዳይመስላችሁ። በመኪና መጥቶ ሜትር የዘረጋ ሰው መጨረሻው አጥር ነው፤ ሰዉ ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ስለዚህ አልፈርድበትም። የሣሩን እድገት ለመከታተል የተከልኳቸውን ችካሎች በተመለስኩ ቁጥር ተነቅለው አገኛቸዋለሁ። እንደገና እተክላለሁ፣ እንደገና ይነቀላሉ። ማን ነቀላቸው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ሰማይ ያያል። "ጅብ ነው" ያለኝም አለ። ጅብ ችካል ነቅሎ ደርድሮ አያስቀምጥም አልኩት፤ እሱም በዚህ ተስማማ።

መሬት ላይ ተንበርክኬ ሣር ስለካ የሚያየኝ ሰው መጀመሪያ ላይ "ምን ጠፋባት?" ይል ነበር። ቆይቶ "ወርቅ ነው የምትፈልገው" ተባለ። ከዚያ ደግሞ "መንግሥት ነው የላካት" ተባለ፤ ይኼኛው እንኳ እውነት ነው። ለሣር ብሎ ከጂንካ ድረስ በዚያ መንገድ የሚንገላታ ጤነኛ ሰው ይኖራል ብሎ ያመነ አልነበረም። እውነቱን ስናገር የበለጠ ይጠረጥሩኛል። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነው የማደርገው።

ከሁሉ በላይ እኔ የምጠረጥረው ግን አስተርጓሚዬን ነበር። የቢሯችን ስካውት ነው፤ የዱር እንስሳት ጠባቂ ማለት ነው። ሐመር ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ "እህቴ" ይለኛል፣ በተናደድኩ ቁጥር ደግሞ ይስቃል። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹን ዛፍ ሥር ሰበሰበልኝ። እኔም ቆሜ ስለ ብዝኀ ሕይወት፣ ስለ ዘላቂ አጠቃቀም፣ ስለ ጥበቃ፣ የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩት። ስጨርስ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ እፍኝ የማትሞላ ነገር ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። ትንሽ የእንጨት በርጩማ ላይ የተቀመጠ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ከዚያ እሺ አሉ።

እሺ ሲሉ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ጂንካ ውስጥ ከጎረቤት ጋር በአጥር እንኳ ለመስማማት ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ቀጠሮ ነው ያለው፤ እነዚህ ሰዎች በእፍኝ ቃል የበጋ ግጦሻቸውን ለቀቁልኝ ማለት ነው? መኪና ውስጥ "ምን አልካቸው?" አልኩት።

"ያልሽውን።"

"እኔ ብዙ ነው ያልኩት።"

"ሐመርኛ አጭር ነው" አለና በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ሜዳው ግን እውነትም ተከበረ። ችካሎቼ ቆመው መገኘት ጀመሩ። ሣሩ ዘር ጣለ፤ እሾኹ ባለበት ቆመ፤ ሳላዎቹ ጥጃ አስከትለው መታየት ጀመሩ። ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ፣ የሰው ከብት አጥንቱ ወጥቶ እያየሁ፣ እዚያ ወገን ሲገባ አላየሁም። ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ይተኛ ነበር። እኔ ምክንያቱ ያልገባኝ ደግነት ያስፈራኛል። የተባባሉትን ራሴ ልስማ ብዬ ሐመርኛ ለመማር ሞከርኩ፤ አስተማሪዬ ስካውቱ ራሱ ስለነበር ግን ያስተማረኝን አላመንኩትም።

አንድ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ ያ ከሲታ ሽማግሌ አገኘኝ። አማርኛውን የተማረው ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል። ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ከብትህ አንዱ ያነክሳል" አለኝ።

ከሌላ ሰው ጋር ያምታታኝ መሰለኝ። "እኔ ከብት የለኝም፣ አባት" አልኩት።

ሳቀ። "ቀንዱ የተሰበረው። ትናንት አየን። ኋላ ቀርቷል።"

ቀንዱ የተሰበረውን አውቀዋለሁ። ሳላ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ አገር ሁሉ ስለኔ የሚያወራውን ሳልሰማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስካውቱን ሻይ ቤት አገኘሁትና ፊቱ ቆምኩ። መካድ እንኳ አልሞከረም። "ታዲያ ምን ልበል? ብዝኀ ሕይወት የሚባል ነገር በሐመርኛ የለም። ጥበቃ ስትዪ እነሱ ዘበኛ ነው የሚሰሙት፤ መሣሪያ ያለው ዘበኛ ልታቆምብን ነው ይላሉ። ስለዚህ ይቺ ሴት ምስኪን ናት፣ ከብት የላትም፣ ያሏት ከብቶች እነዚህ ሳላዎች ብቻ ናቸው፣ ሣር ስጧት አልኩ።"

"ውሸት ነው" አልኩት።

"አስተካክል ካልሽኝ አስተካክላለሁ። ባለቤት የላቸውም እላለሁ። ባለቤት የሌለው ከብት ምን እንደሚሆን ግን አንቺም ታውቂያለሽ።"

 በንዴት የሱንም ሻይ ጠጥቼበት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ባለከብት ሆኜ ኖርኩ። ባለከብትነት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሳላዎቹ ማሽላ ውስጥ ገብተው ሲረግጡ የማሳው ሰው ተቆጥቶ ወደኔ ይመጣል። "ከብትሽን አትይዢም?" ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢሮ ተመልሼ "የሰውና የዱር እንስሳት ግጭት" ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሴቶች ከብቶቼ ወተት ስለማይሰጡ አዝነውልኝ በቅል ወተት ያመጡልኛል። ሐሜቱም ቁጣውም ወተቱም ለኔ ይደርሰኝ ጀመር፤ እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ የቢሯችን ኃላፊ ጠራኝና "መንገዱን ስለምታውቂው እንግዶች ይዘሽ ሂጂ" አለኝ። እንግዶቹ ጥጥ የሚያለሙ ሰዎች ናቸው፤ መሬት እየመረጡ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ሞልቶ ሳለ ለምን እኔ እንደተመረጥኩ እየጠረጠርኩ፣ ስካውቱን ይዤ ሄድኩ። ሜዳው ጋ ስንደርስ አንደኛው ከመኪና እንኳ ሳይወርድ "ባዶ ነው" አለ። ሣሩ ጉልበት ደርሶ፣ ሳላዎቹ ወዲያ ቆመው እያዩን ነው ባዶ ያለው። የመኪናውን በር በርግጄ ወረድኩ። ንዴት ይሁን ፍርሃት እኔም አልለየሁትም።

ከሲታው ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሥቶ መጣ። እንግዳው "ይህ መሬት የማን ነው?" ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ረጅም ተናገረ፤ ወደኔም በዱላው ጠቆመ። ዕድሜ ልኩን አሳጥሮ የተረጎመው ስካውት ያን ቀን አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። "ግጦሽ ነው። ለሷ ሰጥተናታል። ከብቶቿ እዚህ አሉ። እሷን ጠይቋት።" እንግዶቹ ዞረው አዩኝ። ጂንካ እንደደረስን በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባልደረቦችሽ ፊት ትቆሚያለሽ፣ ጥፋትሽን አንድ በአንድ ይነግሩሻል፣ አንቺም ትቀበያለሽ። የኔ ጥፋት "ሥልጣኗን መከታ አድርጋ በሕዝብ መሬት ላይ የግል ከብት አርብታለች" የሚል ሆነ። ወሬው ከስብሰባው ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር "ሰንጋ ካለሽ እንወስዳለን" አለኝ። ወንድሜ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። "አባትሽንም የበላው ወሬ ነው" አለችና ጓዳ ገባች።

በስብሰባው ዋዜማ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝና ሻይ አዘዘልኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሻይ አዝዞልኝ አያውቅም፤ ስለዚህ አልጠጣሁትም። "እህት፣ ነገሩ ቀላል ነው" አለኝ። "እንስሳቱ የዱር ናቸው፣ ባለቤት የላቸውም፣ በመሬቱም ላይ ጥያቄ ያለው ሰው የለም ብለሽ ተናገሪ። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዛል፤ አንቺም ነጻ ትሆኛለሽ።"

የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ውሸት አልነበረበትም። ያን እውነት ከተናገርኩ ግን ሜዳው ባዶ መሬት ተብሎ ይጻፋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ትራክተር ይገባበታል። ካልተናገርኩ ደግሞ እንጀራዬ ይሄዳል፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ የምትኖረው በኔ ደመወዝ ነበር። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየሁት። "ላስብበት" ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ባልደረቦቼ እጅ እያወጡ ተናገሩብኝ። አንዱ፣ አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ የሚሠራ፣ ምሳ አብሮኝ የሚበላ ሰው፣ "እኔ እንኳ ከጥንትም እጠረጥራት ነበር" አለ። መጠርጠር የኔ ብቻ ሙያ ይመስለኝ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተነሣሁ።

"ከብቶቹ የኔ ናቸው" አልኩ።

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "ስንት ናቸው?"

"ከብት አይቆጠርም። ሐመር ሄደው ሰውን ስንት ከብት አለህ ብለው ይጠይቁ እስቲ፣ ምን እንደሚሉዎት።"

"ማን ነው የሚጠብቅልሽ?"

"ጎረቤት።"

"እነዚያ ሳላዎች አይደሉም እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ። "ሰው እንዴት የሳላ ባለቤት ይሆናል?"

"እዚህ ቢሮ ሰው የሥራ ሂደት ባለቤት ይሆን የለ?" አልኩት። አዳራሹ ሳቀ፤ ኃላፊው ግን አልሳቀም። "ግጦሹን ሽማግሌዎች ሰጥተውኛል፤ እንግዶቹም በጆሯቸው ሰምተዋል። አልለቅም" አልኩና ተቀመጥኩ። 

ቃለ ጉባኤው ላይ መሬቱ "የይገባኛል ጥያቄ ያለበት ነው" ተብሎ ተጻፈ። የይገባኛል ጥያቄ ያለበትን መሬት ጥጥ አልሚ አይነካውም፤ ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዱ። እኔን ከመስክ አንሥተው መዝገብ ቤት አስገቡኝ፤ ደረጃዬንም ቀነሱት። ኃላፊው ያን ዐረፍተ ነገር ሆን ብሎ ይጻፈው ወይስ ሳያስበው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብጠይቀው "ሥራሽን ሥሪ" አለኝ።

መዝገብ ቤቱ መስኮት የለውም። አቧራ እያራገፍኩ፣ ፋይል እየደረደርኩ፣ ሜዳውን ሳላይ ዓመቱ ነጎደ። ስካውቱ ጂንካ ብቅ ሲል ከሩቅ ሰላም ብሎኝ ያልፋል፤ ከኔ ጋር መታየት የፈራ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹም እኔ ከሄድኩ ወዲህ ከብታቸውን ለቀውበት፣ ሳላዎቹም አልቀው ይሆናል እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ሄጄ ለማየት ፈራሁ። የሉም ከሚሉኝ አለማወቁ ይሻለኛል አልኩ።

በዚህ ዓመት፣ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ የግቢያችን ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ስካውቱና ከሲታው ሽማግሌ ቆመዋል፤ በመካከላቸው በገመድ የታሰረች ቀይ ጊደር። በአይሱዙ ጭነው ነው ያመጧት። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሰላም እንኳ ሳልል፣ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" አልኩ።

"አስገቢን፣ ሰው እያየን ነው" አለ ስካውቱ።

"ለዚሁ ነው የማላስገባችሁ።" ማን እንደላካቸው እያሰብኩ ነበር። የግል ከብት አላት ተብላ የተቀጣች ሴት በር ላይ ጊደር ማቆም ወጥመድ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ሽማግሌው በራሱ ቋንቋ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ፤ ስካውቱም ተረጎመልኝ። ከነሱ ወገን የሆነ ሰው ሜዳው ላይ አንዲት ሳላ በጥይት ገድሏል። እርጉዝ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፈረዱበት፤ የሰው ከብት የገደለ ከብት ይከፍላል። ጊደሯ የኔ ካሳ ናት።

 ሳላዎቹ አሉ ማለት ነው። "ንገረው" አልኩት ስካውቱን። "ሳላዎቹ የኔ አለመሆናቸውን አሁን ንገረው። በአንተ ውሸት የሰው ጊደር አልወስድም።"

ስካውቱ አልተረጎመም፤ አልሳቀምም። "እህቴ፣ እነሱ ሞኝ መሰሉሽ? ሳላ የማንም ከብት ሆኖ አያውቅም፤ ያን ቀን ዛፍ ሥርም አላመኑኝም። ችካሉን የነቀሉት እነሱ ናቸው፤ መልሰው ያቆሙትም እነሱ። ሜዳውን የተዉልሽ መጨረሻሽን ሊያዩ ነው። ለእንግዶቹ የሷ ነው ያሉትም አንቺ ምን እንደምትዪ ለመስማት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቁሽ ነው የኖሩት።"

"ታዲያ ይቺ ምንድን ናት?" አልኩት።

"ስብሰባ ላይ ቆመሽ የኔ ናቸው ማለትሽን ነገርኳቸው። ሥራሽን እንደወሰዱብሽም። ከዚያ ወዲህ ያንቺ ናቸው።"

ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ ዘረጋልኝ። "ያዝ" አለኝ በአማርኛ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ግምገማው ላይ ከጥንትም እጠረጥራት ነበር ያለው ባልደረባዬ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ቆሞ ያየናል።

"የማን ናት ጊደሯ?" አለኝ።

ገመዱን ተቀበልኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። "የኔ ናት" አልኩት።